ስለ ፍርድ መዝገብና ደጅ ስለሚጠናው ባለ ጉዳይ

ዳኛ ፈርዶ ከወንበሩ በሚነሣበት ጊዜ ነገሩ ያለቀ የሚመስለው ለተመልካች ነው። ባለ ጉዳዩ ግን ርስቱ በልጁ ዘመን እንደ ገና የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ ፍርዱ ተዛብቶብኛል ብሎ ወደ በላይ ዳኛ ይግባኝ የወጣ እንደ ሆነ፣ ወይም ከተከሰሰበት ወንጀል ነጻ መውጣቱን በሩቅ አገር ለሚጠይቀው ሰው ማስረዳት የተገደደ እንደ ሆነ፣ በዚያ ቀን ከዳኛው አንደበት የወጣው ቃል የት እንደ ተጻፈና ማን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ አንዲት እርምጃ ሊራመድ አይችልም። ስለ አገራችን ፍርድ በተነገረ ቍጥር የዳኞች ብልሃትና የተሟጋቾች የአንደበት ርቱዕነት ተደጋግሞ ተወስቷል፤ ቃሉ ከተፈረደ በኋላ ስላረፈበት ሥፍራና ባለ ጉዳዩ ያን ጽሑፍ ለማየት ስለሚጠናው ደጅ የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። የዚህ ሐተታ ዓላማም ከብራናው ኅዳግ አንሥቶ እስከ ዛሬው የመዝገብ ቁጥር ድረስ የፍርድ ጽሑፍ በአገራችን እንዴት እንደ ተጠበቀ፣ በየዘመኑም ባለ ጉዳዩ በምን ወግ እንደ ጠየቀው መተረክ፣ በዚህም የተጻፈ ፍርድ የሚመለከተው ሰው ሊያየው ካልቻለ ካልተጻፈው ብዙም እንደማይሻል ማስረዳት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የነበረው ፍርድ በቃል የሚከናወን ነበር። የተበደለ ሰው በዳዩን በመንገድ ላይ ቢያገኘው «በሕግ አምላክ» ብሎ ያቆመዋል፤ የቆመውም ሰው ስሙ የተጠራበትን ሕግ ንቆ ማለፍ እንደ ዐመፅ ስለሚቈጠርበት ይቆማል፤ ሁለቱም ነጠላቸውን አቋጥረው ተቈራኝተው ከመጀመሪያው ሽማግሌ ወይም ከአላፊ አግዳሚው ዘንድ ይቀርባሉ፤ ያም ሰው በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነገራቸውን ይሰማል። ተሟጋቹ ከዘራውን ይዞ፣ ሸማውን እንደ ወጉ አጣፍቶ፣ «በላ ልበልሃ» እያለ በተጠየቅ ሥርዐት ባላጋራውን ያፋጥጠዋል፤ በእሰጥ አገባው መካከልም ማር ወይም በቅሎ ይወራረዳል፤ ዋስ ይጠራል፤ እማኝ ይቆጥራል። በትልልቁ ችሎት ደግሞ አስተያየት የሚሰጠው ከታናሹ ተጀምሮ ወደ ታላቁ እየወጣ ሲሆን፣ ንጉሡ ወይም የችሎቱ አለቃ በመጨረሻ ይናገራል፤ ይህም ታናሹ የታላቁን ፊት አይቶ እንዳይፈርድ የተበጀ ጥበብ ነበር።

በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ጸሐፊ የሚባል አልነበረም፤ መዝገቡ የሰው ልቡና ነበረ። ዋሱ፣ እማኙ፣ በአደባባዩ የቆመው ሕዝብ፣ ዳኛውም ራሱ የተፈረደውን በልባቸው ያኖሩታል፤ አንዱ ይግባኝ ያለ እንደ ሆነ የቀድሞው ዳኛ ወይም የእርሱ መልእክተኛ ከባለ ጉዳዮቹ ጋራ ወደ በላይ ዳኛ ሄዶ የሆነውን ይናገራል። ሌባ በጠፋ ጊዜም የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ በአውጫጭኝ ሲጠየቅ፣ የምርመራው ውጤት የሚቀመጠው በሽማግሎቹ ትዝታ ነበር። ይህ ሥርዐት ክብር የሚገባው በጎ ነገር ነበረው፤ ፍርድ በገሃድ ስለሚሰጥ የአገሩ ሰው ሁሉ የማስረጃው ጠባቂ ነበር፤ ባለ ጉዳዩም ማስረጃውን ለማግኘት ጎረቤቱን ከመጠየቅ በቀር ሌላ ደጅ መጥናት አያስፈልገውም ነበር። ጉድለቱ ግን ሞት ነው፤ ሦስት ትውልድ ካለፈ በኋላ እማኙ አፈር ሲሆን ፍርዱም አብሮት ይቀበራል፤ የርስት ሙግት ደግሞ ከሦስት ትውልድ በላይ ዕድሜ ያለው ነገር ነው።

ስለዚህም ከጥንት ጀምሮ ነገሥታቱና ሊቃውንቱ እጅግ የከበደውን ነገር፣ ይኸውም የርስትንና የጉልትን ጉዳይ፣ በማይሞት እማኝ እጅ ማኖር ፈለጉ፤ ያም እማኝ የቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሆነ። በሽመዛና በሚገኘው በሐም ደብረ ሊባኖስ ገዳም የተጠበቀው ወንጌል ዘወርቅ ከዐፄ ላሊበላ ዘመን ጀምሮ የተሰጡ የመሬት ስጦታዎችን በገጾቹ ይዞ ቆይቷል፤ ከዚያም ወዲህ በተከታዮቹ ምእተ ዓመታት ብዙ አድባራትና ገዳማት በወንጌላቸው፣ በስንክሳራቸውና በሌሎችም መጻሕፍታቸው ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ተመሳሳይ ጽሑፍ አኑረዋል። የጽሑፉም አሠራር የታወቀ ሥርዐት ነበረው፤ በመጀመሪያ የሰጪው ንጉሥ ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ መሬቱና ተቀባዩ ይገለጻሉ፤ ከዚያም በዘመኑ የነበሩት ጳጳስ፣ እጨጌ፣ ጸሐፌ ትእዛዝና ሹማምንት እንደ እማኝ ይቈጠራሉ፤ በመጨረሻም ይህን የሻረ፣ የፋቀ ወይም የለወጠ ሁሉ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ተብሎ ይዘጋል። ዛሬ ማኅተም፣ ፊርማና የመዝገብ ቁጥር የሚሠሩትን ሥራ በዚያ ዘመን ውግዘቱ ይሠራው ነበር፤ ጽሑፉን ከሐሰተኛ እጅ የሚጠብቀው በር የእግዚአብሔር ፍርሃት ነበርና።

ጎንደር የነገሥታት መናገሻ ከሆነች በኋላ ይህ ልማድ ከንጉሥ ስጦታ ዐልፎ ወደ ተራው ሰው ጉዳይ ወረደ። በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በጎንደርና በዙሪያዋ አድባራት መጻሕፍት ላይ የቤትና የመሬት ሽያጭ፣ ውርስ፣ ስጦታና የሙግት ውሳኔ ሳይቀር ይጻፍ ጀመር፤ ዋጋው በወርቅ ወቄት ተነግሮ፣ ሻጩና ገዢው ተጠርተው፣ የደብሩ አለቃና ካህናት እማኝ ሆነው የሚቆሙበት ጽሑፍ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ የተከሏት የቍስቋም ደብር ስለ መሬቷ ሰፊ መዝገብ ነበራት፤ የሌሎቹም አድባራት ጽሑፍ ተደምሮ ሲታይ የዚያን ዘመን ኑሮ እንደ ዜና መዋዕል ሳይሆን ከሕዝቡ መካከል ሆኖ የሚያሳይ ምንጭ ሆኗል። ከእነዚህ ጽሑፎች ከሚገኙት ቁም ነገሮች አንዱ ሴቶች በርስት ነገር የነበራቸው ሥፍራ ነው፤ ሴት ሻጭ ሆና፣ ገዢ ሆና፣ ወራሽ ሆና፣ በዳኛ ፊትም ተሟጋች ሆና ስሟ ከወንዶቹ ጋራ ተጽፎ ይገኛል። በአፍ ብቻ የተላለፈ ታሪክ የዘነጋቸውን እነዚያን እመቤቶች የመሰከረላቸው የብራናው ኅዳግ ነው።

በዚህ ዘመን መዝገቡን ማየት የሚሻ ሰው የሚጠናው ደጅ የደብሩ ደጅ ነበር። መጽሐፉ በዕቃ ቤት ተቈልፎ በገበዙ እጅ ይጠበቃል፤ ሙግት በተነሣ ጊዜ አለቃው ሲፈቅድ ወንጌሉ በክብር ይወጣል፤ ማንበብ የሚችል ካህን በእማኞች ፊት ያነበዋል፤ ባለ ጉዳዩም ጽሑፉን በዐይኑ ቢያይም አብዛኛውን ጊዜ የሚያምነው በሰማው ቃል ነበር። የጽሕፈት ጥበብ በጥቂቶች እጅ ስለ ነበረ መዝገቡ ከሞት ቢድንም ከባለ ጉዳዩ ራቀ፤ ባላገሩ ስለ ገዛ ርስቱ የተጻፈውን ለማወቅ የሌላ ሰው ዐይንና የሌላ ሰው በጎ ፈቃድ ያስፈልገው ጀመር። በኋላ ዘመን የፍርድ ቤት ደጅ የሚጠና ሰው የሚያማርርበት ነገር ሁሉ ሥሩ ከዚህ ይጀምራል።

የመዝገብን ዋጋ ከምንም ይልቅ አጕልቶ ያሳየው የመቅደላ ጥፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አድባራት መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ አምጥተው ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ እነዚያ መጻሕፍት ተዘረፉ፤ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎችም በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በኅዳጋቸው የጎንደርን ሰው ርስትና ሽያጭ የያዙ ስለ ነበሩ፣ የአንድ ከተማ የውል መዝገብ በአንድ ቀን ባሕር ተሻገረ ማለት ይቻላል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1864 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥት የሚባለው መጽሐፍ እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ምክንያታቸውንም ሲገልጹ የኢትዮጵያ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በዚህ መጽሐፍ እንደ ተጻፈና ያለ እርሱ ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው አስረዱ። መጽሐፉም በ1865 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥት እንኳ የተጻፈውን ማስረጃ በእጁ ካላገኘ ሥልጣኑ ጐዶሎ መሆኑን በግልጽ መስክሮ መዝገቡ ካለበት ቤት በጽሑፍ የለመነበት ይህ ታሪክ፣ ዛሬ በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት መስኮት ፊት ማመልከቻ ይዞ የቆመ ድኻ የሚለምነው ነገር ቀላል እንዳልሆነ ያስረዳል። ክብረ ነገሥት ቢመለስም ሌሎቹ ብራናዎች በዚያው ቀሩ፤ በዚህም ምክንያት የጎንደርን የመሬት ታሪክ የሚመረምር ሊቅ እስከ ዛሬ ድረስ ከጎንደር ሌላ የለንደኖቹንም ብራናዎች መመርመር ግዴታው ነው።

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የፍርድ ጽሑፍ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤት መሻገር ጀመረ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም የጽሕፈት ሚኒስትር ተባሉ። በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ መንግሥት ጋራ የተደረገውና በመልእክተኛው ስም የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለው ስምምነት የውጭ አገር ሰውና ኢትዮጵያዊ በሚሟገቱበት ነገር ቆንስሉ ባለበት እንዲፈረድ ስለ ወሰነ፣ በኋላ ልዩ ፍርድ ቤት የተባለው ችሎት ተቋቋመ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በዚህ ችሎት ካገለገሉት ዳኞች አንዱ ነበሩ። የባዕድ አገር ቆንስል በሚቀመጥበት ችሎት ቃልን በልቡና ብቻ ማኖር ስለማይበቃ፣ ክሱም መልሱም ፍርዱም በወረቀት መስፈሩ የግድ ሆነ። በአዲስ አበባ አራዳ ሌባና አምባጓሮ ሲነሣ የሚይዘው የአራዳ ዘበኛም ተይዞ የመጣውን ሰው በቃል ብቻ ከማስረከብ ወደ መጻፍ የተሻገረው ቀስ በቀስ ነው። የዚያ ዘመን ሥርዐት፣ ደንብና ደብዳቤ ብዙው ተበትኖ እንዳይቀር ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ሰብስበው በ1942 ዓ.ም. «ዝክረ ነገር» በተባለው መጽሐፍ ማሳተማቸው ለታሪክ ጸሓፊ ታላቅ ውለታ ነው።

ከኢጣልያ ወረራ በኋላ ግን ነገሩ መልኩን ፈጽሞ ለወጠ። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቁሞ ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየታተመ ሲወጣ፣ በዚያው ዓመት የፍርድ አስተዳደር ዐዋጅ ወጥቶ በአፈ ንጉሡ የሚመራው ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤትና ከእነርሱ በታች ያሉት ፍርድ ቤቶች ተዋቀሩ፤ የፖሊስ ሠራዊትም በዐዋጅ ቁጥር 6 ተቋቋመ። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ የአጥቢያ ዳኛ ዐዋጅ በየቀበሌው እስከ 25 ብር የሚደርሰውን የፍትሐ ብሔር ክርክርና እስከ 15 ብር መቀጮ የሚያስቀጣውን ቀላል ጥፋት የሚያይ ዳኛ አቆመ። እንግዲህ ከንጉሠ ነገሥቱ የዙፋን ችሎት እስከ አጥቢያ ዳኛ አንድ መሰላል ተዘረጋ፤ ነገር ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ቀድሞ ዳኛው ራሱ እየሄደ ይናገረው የነበረውን ሁሉ ወረቀት ተሸክሞት የሚወጣ ሆነ። መዝገብ ቤት የሚባል ክፍል፣ ሬጅስትራር የሚባል ሹም፣ የመዝገብ ቁጥር የሚባል ምልክት የባላገሩ የዕለት ቃል ሆኑ፤ ቁጥሩን ያልያዘ ባለ ጉዳይ ስሙን ቢናገርም፣ አባቱን ቢጠራም፣ የአገሩን ወንዝ ቢያመለክትም መዝገቡ በቀላሉ አይገኝለትም ነበር።

በዚህ ጊዜ ከየፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አንድ አዲስ ሙያ በቀለ። ማንበብና መጻፍ ለማይችለው ባላገር በድንኳን ወይም በጃንጥላ ሥር ተቀምጦ፣ መጀመሪያ በብዕር፣ በኋላ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ የሚጽፍለት ራፖር ጸሓፊ የሕዝቡና የመንግሥቱ አስተርጓሚ ሆነ። ይህ ሰው ለየትኛው ጉዳይ የትኛው ችሎት እንደሚቀርብ፣ በየትኛው ወረቀት ላይ የስንት ብር ቴምብር እንደሚለጠፍ፣ የውሳኔ ግልባጭ ሲለመን የከሳሽና የተከሳሽ ስም፣ የመዝገብ ቁጥሩና ውሳኔው የተሰጠበት ቀን በምን ተራ እንደሚጻፍ ያውቃል። የቀድሞው ተሟጋች በአንደበቱ ያሳይ የነበረውን ጥበብ ራፖር ጸሓፊው በሁለት ገጽ ውስጥ ጠቅልሎ ያቀርብለታል። ሙያው ከቶ ሊናቅ አይገባውም፤ ከካህኑ በኋላ ባላገሩን ከተጻፈው ሕግ ጋራ ያገናኘው የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነውና።

ባለ ጉዳዩ ጽሑፉን የማግኘት መብቱን በሕግ ያጸኑለት ደግሞ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ የወጡት ታላላቅ ሕጎች ናቸው። የወንጀል ሕጉ በ1949፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕጉ በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕጉ በ1958 ዓ.ም. ወጡ። የወንጀል ሥነ ሥርዐቱ ክስ ወይም አቤቱታ ለፖሊስ የቀረበ እንደ ሆነ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ለአቅራቢው እንዲነበብለትና እንዲፈርምበት፣ መርማሪውም የምርመራውን ሂደት በየቀኑ በመዝገብ እንዲያኖር፣ ለተከሳሹም የክሱ ግልባጭ እንዲደርሰው አዘዘ። ይግባኝ የሚል ሰው ውሳኔው በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ የውሳኔውን ግልባጭ ከተቀበለ በኋላም በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ማቅረብ እንዳለበት ተደነገገ፤ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ደግሞ ይግባኝ የሚቀርበው ውሳኔው በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ሆነ። ይህ ቁጥር ለሕግ ዐዋቂ ቀላል ይመስላል፤ ለባለ ጉዳዩ ግን፣ በተለይ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ፣ ግልባጩ በጊዜው ካልተሰጠው ቀኑ በእርሱ ላይ ይቈጠርበታል። በመዝገብ ቤት ጸሓፊ እጅ የሚዘገይ ወረቀት የአንድን ሰው መብት በዝምታ ሊያሳልፍ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የመዝገብ ቤት ሥራ ከዳኝነቱ ሥራ የማይለይ የፍርድ ክፍል መሆኑንም ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ዘመነ ደርግ በመጣ ጊዜ ታላቁ የሙግት ምንጭ በአንድ ዐዋጅ ደረቀ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ ትውልድ ሲከራከርባቸው የኖሩ የርስት መዝገቦች ሁሉ የታሪክ ወረቀት ሆነው ቀሩ። ለብዙ ቤተሰብ እነዚያ ወረቀቶች የአባት ስም፣ የአያት ትውልድና የአገር ድንበር የተጻፈባቸው ብቸኛ ማስረጃዎች ስለ ነበሩ፣ ዋጋ ካጡ በኋላም በሣጥን ተጠብቀው ኖረዋል። የቀላል ጉዳዮችን ዳኝነት ደግሞ የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ ፍርድ ሸንጎዎች ወሰዱት። ያ ዘመን ግን መዝገብ ስለ ግፍም እንደሚመሰክር አስተምሮናል። የቀይ ሽብርን ወንጀል እንዲመረምር በ1984 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ክስ ከመመሥረቱ ሌላ የተሠራውን ግፍ ለመጪው ትውልድ መዝግቦ የማኖር ኃላፊነትም ነበረው፤ ለክሱም ዋና ማስረጃ ሆነው የቀረቡት ባለ ሥልጣኖቹ ራሳቸው የጻፏቸው፣ የፈረሙባቸውና ያኖሯቸው የትእዛዝና የምርመራ ወረቀቶች ነበሩ። ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ተከፍቶ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሰጥ፣ ልጆቻቸው በሌሊት ተወስደው የቀሩባቸው እናቶች ለዓመታት በእስር ቤት ደጅ እየቆሙ የጠየቁት ጥያቄ በመጨረሻ ከመዝገብ ውስጥ ተመለሰ። እነዚያ ወረቀቶች ተቃጥለው ቢሆን ኖሮ ሐዘኑ ብቻ ይቀር ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ተከሳሽ በግልጽ ችሎት የመዳኘትና የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ ችሎቱ የሚዘጋው የተከራካሪዎቹን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ብቻ መሆኑንም ገለጸ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ማንም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተያዘ መረጃ መጠየቅ እንዲችል፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ፣ የተከለከለም ሰው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንዲያቀርብ ፈቀደ። የሌላውን ሰው የግል ምስጢር የሚገልጥ ወይም በመካሄድ ላይ ያለውን የወንጀል ምርመራ የሚያሰናክል መረጃ ግን ከዚህ ተለይቷል፤ ይህም ተገቢ ነው። ተበዳይ ሴት ለመርማሪ የሰጠችውን ቃል ወይም የአንድ ሕፃንን ስም ለአላፊ አግዳሚው ማንበብ ፍትሕን ማገልገል አይሆንም። የመዝገብ ጠባቂ ጥበብ ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚከለክል በሕግ ለይቶ ማወቁ ነው፤ በፈቃዱ ብቻ የሚከፍትና የሚዘጋ ከሆነ ከቀድሞው የዕቃ ቤት ቍልፍ ያዥ አልተሻለም።

ስለዚህ ዛሬ የራሱን ወይም የቤተሰቡን መዝገብ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚማረው ሥርዐት አለ። ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ጉዳዩ በየትኛው ፍርድ ቤትና በየትኛው ምድብ ችሎት እንደ ታየ፣ የተከራካሪዎቹን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ካልተገኘም ውሳኔ የተሰጠበትን ዓመትና ወር ለይቶ መያዝ ይገባዋል፤ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው በቤቱ ያለውን የጥሪ ወረቀት፣ የክፍያ ደረሰኝ ወይም የጠበቃውን ደብዳቤ ይመርምር፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በአንዱ ጥግ ተጽፎ ይገኛልና። ቀጥሎ ለመዝገብ ቤቱ ወይም ለሬጅስትራሩ በጽሑፍ ያመለክታል፤ ተከራካሪ መሆኑን በመታወቂያው፣ ወራሽ ከሆነ በወራሽነት ማስረጃው፣ ወኪል ከሆነ በውክልናው ያስረዳል፤ የግልባጩን ዋጋ ከፍሎ የሚቀበለው ወረቀት በእያንዳንዱ ገጽ ማኅተም ያረፈበትና ትክክለኛ ግልባጭ መሆኑ የተረጋገጠ መሆኑን ዐይቶ መውጣት አለበት፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት በሌላ መሥሪያ ቤት ፊት ዋጋ የለውም። ወደ ፖሊስ የሚሄድ ሰውም አቤቱታው የተመዘገበበትን ጣቢያ፣ ቀንና የምርመራ መዝገብ ቁጥር ይዞ ይቅረብ፤ ምርመራው ገና ያልተፈጸመ ከሆነ የሚሰጠው መረጃ እጅግ ጥቂት መሆኑን፣ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ወይም ወደ ፍርድ ቤት የተላለፈ ከሆነም ጥያቄው ተከትሎት መሄድ እንዳለበት ይወቅ።

ከአገሩ የወጣው ወገናችንም ከዚህ ደጅ አልራቀም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ለመኖሪያ ፈቃድ የሚያመለክት ሰው ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ይህንም በጣት አሻራው ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው የፌዴራል ፖሊስ ነው። የፍቺ፣ የውርስ ወይም የጉዲፈቻ ውሳኔ የሚያስፈልገው ደግሞ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ውክልና አስፈጽሞ ይልካል፤ ውክልናውም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ከጸና በኋላ ወንድሙ ወይም እኅቱ በስሙ መዝገቡን ይጠይቁለታል። በዋሽንግተን የሚኖር ልጅ የአባቱን የውርስ ውሳኔ በአዲስ አበባ እንዲያወጣለት ለእኅቱ ሲጽፍ፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ለለንደን የጻፉትን ደብዳቤ በተገላቢጦሹ መንገድ ይልካል፤ በሁለቱም መካከል ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ስለ እኔ የተጻፈው ይሰጠኝ የሚል ነው።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። ነገር ግን የተጻፈውም የሚወረሰው የሚጠብቀውና የሚሰጠው ሲኖር ነው። በየወረዳው ፍርድ ቤት ምድር ቤት በእርጥበትና በምስጥ የሚበላው አሮጌ መዝገብ ሁሉ በስም፣ በዓመትና በጉዳይ ተለይቶ ማውጫ ሊበጅለት፣ ታሪካዊ ዋጋ ያለውም ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሊሻገር ይገባዋል፤ ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለአዲስ ፍርድ ቤት ሕንፃ ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ሲሆን ጥቅሙ ግን ለትውልድ ይተርፋል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ደመወዙና ክብሩ ከሥራው ክብደት ጋራ ሊመጣጠን፣ ግልባጭ የሚሰጥበትም ቀን በግልጽ ተጽፎ በደጁ ሊለጠፍ ይገባል። ባለ ጉዳዩም በበኩሉ የተፈረደለትን ወረቀት ተቀብሎ በቤቱ ማኖር፣ የመዝገብ ቁጥሩንም ለልጆቹ ጽፎ መተው ግዴታው ነው። ፍርድ የሕዝብ ሀብት ነው ከተባለ መዝገቡም የሕዝብ ሀብት ነው፤ ስለዚህ ከፈራጁ ዳኛ፣ ከሚጽፈው ጸሓፊና ከሚጠብቀው ሠራተኛ እኩል የሚጠይቀው ሰውም በፍትሕ ሥራ ውስጥ የራሱ ድርሻ ያለው አገልጋይ መሆኑን መንግሥትም ሕዝብም ሊያምኑበት ይገባል።